ያልተመለሰው የፌኖል ጥያቄ

ፒፔት የሚለውን ስም መጀመሪያ ማን እንዳወጣላት ፋብሪካው ውስጥ የሚያስታውስ የለም። እንደ ላብራቶሪው የጠብታ መለኪያ ቱቦ ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ስትለካ አንዲት ጠብታ አታዛንፍምና ነው የሚሉም አሉ። እሷ ስሙን አልጠላችውም። አባቷ እዚያው ግቢ፣ ቦይለር ክፍል ውስጥ እንፋሎት ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ነው። ልጁ ነጭ ጋዋን ለብሳ ላብራቶሪ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ምሳውን የሚበላው ከላብራቶሪው መስኮት ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ሆነ። ለምን ቦታ ቀየርክ ሲሉት «እዚህ ፀሐዩ ይሻላል» ይላል። አግዳሚው ግን ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው።

ፋብሪካው የወለልና የሆስፒታል ማጽጃ ያመርታል። የፋብሪካውን ባለቤት ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። ባላቸው ካረፉ በኋላ ግቢውን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ደመወዝ የማያሳድሩ፣ ሲቆጡ ግን በርሜል የሚያንቀጠቅጡ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፤ እሱም እዚያው ላብራቶሪ፣ ከፒፔት ጠረጴዛ ትይዩ ይሠራል። ሠራተኛው ዝምተኛው ይለዋል። እናቱ የሚናገሩት ለሁለት ይበቃል ብሎ ነው መሰል፣ ከአፉ ቃል የሚወጣው እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ ነው። የባለቤት ልጅ ነኝ ብሎ ግን አንድም ቀን ሲኮራ አልታየም። ብልቃጥ ያጥባል፣ ናሙና ይሸከማል፣ ተራውን ይጠብቃል።

በሁለቱ መካከል የነበረው ነገር ስም አልነበረውም። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሷን ጠረጴዛ ነበር። እሷም የእሱን እግር ኮቴ ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቃለች። አንድ ቀን ጠርሙስ ሲገለብጥ ለማጽጃው የሚበጠበጠው ፌኖል የእጁ አንጓ ላይ ተረጨበት፤ ቆዳው ወዲያው ነጭ አለ። እሷ እጁን ጎትታ ቧንቧ ስር አድርጋ ያዘችው፤ ሕመሙ አልፎ ውሃው እስኪያደነዝዛቸው ድረስ አልለቀቀችውም። «በቃ፣ ዳንኩ» አላት። «ዝም በል» አለችው። ዝም ማለት ለሱ ከባድ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ቀድሞ የሚያቀረቅረው ማን እንደሆነ ሁለቱም ጠፋቸው።

ማሽን የሚያቀርብላቸው የውጭ ድርጅት ከፋብሪካው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ባሕር ማዶ ልኮ በኬሚስትሪ ዲግሪ ላስተምር ያለው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። አራት ዓመት። ላብራቶሪው ውስጥ ለዚያ የሚበቁት ሁለት ናቸው፤ እሷና እሱ። እትዬ ሠራተኛውን ሰብስበው ቁርጡን ተናገሩ።

«ልጄ ስለሆነ የሚያልፍ እንዳይመስላችሁ» አሉ። «ልጄ ስለሆነም አይወድቅም። ፈታኝ ከውጭ አመጣለሁ። ወረቀቱ ላይ በስም ፈንታ ቁጥር ይጻፋል፤ ማንም እኔን ሊያማኝ አይችልም።»

ተፎካካሪዎች አብረው አያጠኑም። እነሱ ግን አጠኑ። ሥራ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሲጎርፍ፣ ሁለቱ የላብራቶሪውን ጠረጴዛ ጠርገው ይቀመጣሉ። የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሰውዬ፣ ካፖርቱን እየለበሰ በሩ ላይ ቆሞ መከራቸው።

«እኛ ፌኖል ገዝተን እየበጠበጥን እንጀራ የምንበላ ሰዎች ነን። ፌኖል ከምን እንደሚሠራ የማናውቅ ከሆነ ጉድ ነው። እኔ ፈታኙ ብሆን የምጠይቀው እሱን ነው፤ ልብ አድርጉት።»

ፒፔት ልብ አደረገችው። እሷ አንድን ነገር የምታውቀው ለሰው ስታስረዳ ነው። ስለዚህ ታስረዳው ጀመር። ሰሌዳው ላይ ስድስት ጎን ያለውን የቤንዚን ቀለበት፣ የኬሚስትሪውን እንጂ የመኪናውን አይደለም፣ ትስልና ጠመኔውን ታወናጭፋለች።

«መንገዱ ብዙ ነው፤ አታምታታው። አንደኛው ክሎሮቤንዚን ነው። ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር በኃይለኛ ሙቀትና ግፊት ታስጨንቀዋለህ፤ ከዚያ አሲድ ስትጨምርበት ፌኖል ይሰጥሃል። ሌላው ቤንዚን ሰልፎኒክ አሲድ ነው፤ እሱንም ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ታቀልጠዋለህ። አኒሊን ግን ቁጡ ነው። በበረዶ አቀዝቅዘህ ወደ ዳያዞኒየም ጨው ትለውጠዋለህ፤ በረዶውን ከረሳህ ሥራህ ሁሉ ገደል ገባ። በመጨረሻ ከውሃ ጋር ስታሞቀው ናይትሮጅኑ እየተንተከተከ ይሄድልሃል፤ ፌኖሉ ይቀርልሃል። ገባህ?»

«እ» ይላል።

«ፋብሪካዎች የሚመርጡት ግን ኩሚንን ነው። ቤንዚንና ፕሮፒን ኩሚን ይሆናሉ፣ ኩሚኑ ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል፣ ከዚያ አሲድ ይሰነጥቀዋል። ለምን ይመርጡታል? አብሮት የሚወጣውም ነገር ስለሚሸጥ! ገባህ?»

«እ» ይላል፤ ራሱንም ይነቀንቃል።

እንዲህ ሲነቀንቅላት አስተዋይ ሆኖ ይታያት ነበር። ይህ ሰው አንዴ ሰምቶ ይይዛል፣ እኔ ግን ደግሜ ደጋግሜ ነው፣ ብላ በልቧ ትቀናለች፤ በቅናቱ ውስጥም ትንሽ ኩራት አለ። ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት፣ ሰሌዳውን እያጠፋች ሳለ ከኋላዋ ሳታስበው ተናገረ።

«ካለፍሽ ትሄጃለሽ?»

«አንተ ብታልፍ አትሄድም?»

ቦርሳውን አንስቶ በሩን ያዘላት። እሷም ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ ጥያቄውን ስታገላብጠው ነበር። እንድሄድ አልፈለገም ማለት ነው? ወይስ እሱ መሄድ ፈልጎ ነው? የትኛው እንደሚያስከፋት መለየት አቅቷት አደረች።

ፈተናው ጠዋት ነበር። ጋሼ የተነበየው ደረሰ፤ ትልቁ ጥያቄ ፌኖል ሆኖ መጣ። ፒፔት ወረቀቱን ስታየው ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ቀና ብላ ወደ ዝምተኛው ተመለከተች፤ እሱ መስኮቱን እያየ ነበር። ጨርሷል ማለት ነው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ውጤቱን ፈታኙ ራሳቸው በሳምንቱ መጥተው በስብሰባ አዳራሹ ተናገሩ፤ ለሁሉም እንዲሰማ እትዬ ስለፈለጉ። «ሁለቱም ጎበዞች ናቸው» አሉ ሰውየው። «በሌላው ሁሉ እኩል ሊሆኑ ጥቂት ነው የቀራቸው። የለያቸው የፌኖሉ ጥያቄ ነው። አንዷ ምንም ሳታጎድል መልሳዋለች። ሁለተኛው ተፈታኝ አንዲት ቃል አልጻፈበትም።»

ከዚያ ከኋላ ረድፍ ከተቀመጡት የማሸጊያ ክፍል ሴቶች አንዷ ደረቷን ይዛ፣ «ውይ! ለሷ ብሎ ተወው!» አለች።

ወሬ በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ከእንፋሎት ይፈጥናል። እስከ ምሳ ድረስ ዝምተኛው ጀግና ሆኖ ዋለ። በፎርክሊፍቱ ዕቃ የሚያነሱት ወንዶች ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ሴቶቹ ሲያልፍ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። አንዲት አሮጊት ጽዳት ሠራተኛማ ግንባሩን ሳመችው። እሱ እንደ ወትሮው አንድ ቃል አልተናገረም።

ወሬው ጆሮዋ ሳይደርስ፣ ፒፔት ደስታዋን ገና ቀምሳ ሳትጨርስ እትዬ አስጠሯት። ቢሮው ሰፊ ነው። እትዬ ከጠረጴዛው በስተጀርባ አልተቀመጡም፤ መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ቃሌን አላጥፍም፤ ሄደሽ ትማሪያለሽ። አንድ ነገር ግን ሳትሰሚ እንድትሄጂ አልፈልግም። ልጄ ያንን ጥያቄ ያውቀዋል። ምሽት ምሽቱን ካንቺ ጋር እያመሸ ሲያጠናው የነበረውን፣ እንዴት አያውቀውም? አንድ ልጄ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ በየዓመቱ አይመጣም። እሱ ግን ላንቺ ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቁጣ ግን አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «አልወቅስሽም። ግን የማን ወንበር ላይ እንደምትቀመጪ እወቂው።»

ፒፔት ምን ብላ እንደወጣች አታስታውስም። ደረጃውን ወርዳ ግቢው መሀል ደረሰች። አባቷ ከሩቅ፣ ቦይለር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ሁለት እጁን አንስቶ እያወዛወዘ ሳቀላት፤ እሷም እጇን አነሳችለት፣ ፊቷ ግን ለመሳቅ እንቢ አላት። የልጅነት ዘመኗን ሁሉ፣ በአባቷ ደሞዝ የገዛቻቸውን ያገለገሉ መጻሕፍት፣ ጠመኔ የፈጀችባቸውን ምሽቶች፣ አንድ ሰው በአንድ ዝምታ ስጦታ አድርጎ እጇ ላይ አስቀመጠላት። የራሷ የሆነ ምን ቀረላት?

ዝምተኛውን ያገኘችው መጋዘን ውስጥ፣ የበርሜል ማኅተም ሲያይ ነው። በሩን ከኋላዋ ገፋችው።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው።

ቀና አለ። «ምን?»

«ማን ለምኖህ ነው? እኔ ነኝ? እኔ ነኝ ተውልኝ ያልኩህ?»

«ፒፔት...»

«ፒፔት አትበለኝ! እኔን ለማሸነፍ እንኳ ሳትሞክር አዘንክልኝ? የቦይለር ሠራተኛ ልጅ ናት፣ ምስኪን፣ በራሷ አትችልም አልክ?» እንባዋ መጣ፤ እሱ እንዲያየው ስላልፈለገች ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እኔ አልፌያለሁ ብዬ ነበር። ታውቃለህ? ጠዋቱን ሙሉ አልፌያለሁ ብዬ ነበር! አሁን ወጥቼ እትዬን ቦታውን ይውሰዱልኝ እላለሁ። ልጅዎን ይላኩት። እኔ የሰው ምጽዋት ይዤ ባሕር አልሻገርም።»

በሩን ያዘች። ዝምተኛው በርሜሉን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቲማቲም መሰለ።

«አላወቅኩትም» አለ።

ቆመች።

«ምን አልክ?»

«ጥያቄውን አላወቅኩትም። አልተውኩልሽም። ጠፋብኝ።»

ፒፔት ተመልሳ አየችውና የባሰውን ተቆጣች። «አሁን ደግሞ ይኼን ፈጠርክ! እንዳልከፋ ብለህ ደንቆሮ ልትሆንልኝ? እዚያ ተቀምጠህ ስትነቀንቅ አልነበረም? ገባህ ስልህ እ እ ስትል አልነበረም?»

«ነበር።»

«እና?»

«እ ማለት ቀላል ነው» አለ። በሕይወቱ ብዙ ቃል የተናገረው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም። «ስሚኝ፤ መጀመሪያ የክሎሮቤንዚኑን ልጽፍ ፈለግሁ፣ ከሰልፎኒክ አሲዱ ጋር ተምታታብኝ። የኩሚኑን ልጻፍ አልኩ፣ መጨረሻው ጠፋኝ። ግማሽ ጽፌ ሰው ከሚስቅብኝ ብዬ መስኮት እያየሁ ደወሉ ተደወለ። ውጤቱ ተነግሮ ከአዳራሹ ስወጣ ሰው ሁሉ ጀርባዬን መታ መታ ሲያደርገኝ... ምን እንዳሰቡ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናቴ ስታለቅስ አየኋት። ልጄ ሰነፍ ነው ብላ ከምታለቅስ፣ ልጄ አፍቃሪ ነው ብላ ብታለቅስ ይሻላል አልኩ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደሆነ እችልበታለሁ።»

ፒፔት ክንዷን አጣመረች። አላመነችውም። ማመኑን ፈራች ማለቱ ይቀላል።

«እሺ፤ ንገረኛ» አለችው። «ኩሚን ኦክስጅን ወሰደ። ከዚያ?»

«ከዚያ አሲድ ይሰነጥቀዋል።»

«ምንና ምን ይሆናል?»

«ፌኖልና...» አሰበ። ግንባሩ ተኮማተረ፤ ናሙና ሲበላሽበት እንደሚያደርገው። «ፌኖልና ፕሮፓኖል።»

«አሴቶን ነው።»

«አሴቶን?» ዝምተኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። «አሴቶን ከየት መጣ? የገባው ፕሮፒን አይደለም? ፕሮፒን ገብቶ ፕሮፓኖል ነው መውጣት ያለበት! ነገሩም እኮ ይገጥማል!»

«አይገጥምም! ሃይድሮጅኑን ቁጠረው!»

«ኧረ ባክሽ፣ አሴቶን? ይሄ እቃ የምናጥብበት አሴቶን?»

«ጠዋትና ማታ ብልቃጥ የምታጥብበት አሴቶን! ከፊትህ የተቀመጠው ጀሪካን!»

«ለማጠቢያ ነዋ የሚያስቀምጡት! ከየት መጣህ ብዬ ልጠይቀው?»

ፒፔት ፊቱን አተኩራ አየችው። ይህን ፊት ታውቀዋለች። ከጠረጴዛዋ ማዶ ስንት ጊዜ ሲሳሳትና ሲታረም፣ ሲሰለችና ሲደሰት አይታዋለች። ይህ ፊት መዋሸት አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ከልቡ ነው የተገረመው። ከልቡ ነው ፕሮፓኖል ያለው። ይከራከራትም ነበር፣ ብትተወው እስከ ማታ።

የምር አያውቀውም።

ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ተነሳ። አልፋለች። ራሷ ናት ያለፈችው። ማንም አልተወላትም።

«እንዴት ነው ግን?» አለች በቀስታ። «ያን ሁሉ ምሽት ሳስረዳህ ምን ስታደርግ ነበር?»

ዝምተኛው ወለሉን አየ፣ በርሜሉን አየ፣ የሚሸሽበት ሌላ ቦታ አጣ።

«አንቺን ሳይ» አለ።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ እንባዋ ተከተለው፤ ሁለቱ ተደባልቀው አፏን በጋዋኗ እጅጌ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። እሱ መቅረብም መራቅም ፈርቶ በሁለት እጁ ማኅተም እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነግሯት አያውቅም፤ እንዲህ በሚያሳፍር ሁኔታ፣ እንዲህ በትንሽ ቃል ቢሆንም እንኳ። ልቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትለካ ሞላ።

«ለእናትህ ትነግራታለህ» አለችው ዓይኗን ጠርጋ።

«እነግራታለሁ።»

«ለሰዉም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ዋጥ አደረገ። «ለሰዉም» አለ።

ቃሉን ጠበቀ። ሠራተኛው የምሳ ሰዓት ደውል ሰምቶ የመመገቢያ ክፍሉን ሲሞላ ገባ፤ እናቱም በዚያን ቀን እንግዳቸውን ፈታኙን ይዘው እዚያው ሻይ ይጠጡ ነበር። መሀል ላይ ቆመ። ሲናገር ሰምተውት የማያውቁ ሰዎች ማንኪያና ኩባያ አስቀመጡ።

«የፌኖሉን ጥያቄ ለማንም ብዬ አልተውኩትም» አለ። «አላወቅኩትም። አጥንቼ አልያዝኩትም። እሷ በጉብዝናዋ ነው ያለፈችው። በቃ፣ እሱን ልናገር ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ከፎርክሊፍቶቹ ልጆች አንዱ ከጥግ፣ «ታዲያ ጀርባህን የመታንበትን መልስልና!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ግንባሩን የሳመችው አሮጊት ሳትቀር ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዝምተኛው በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል አቀርቅሮ ቆመ፤ አልሸሸም ግን።

እትዬ አልሳቁም። ኩባያቸውን አስቀምጠው ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ቀጥለው በሩ ላይ የቆመችውን ፒፔትን።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ። እውነቱን ነው? አያውቀውም?»

«አያውቀውም፣ እትዬ። አሁን ጠይቄዋለሁ።»

«ያን ሁሉ ምሽት አብራችሁ ስታመሹ?»

ፒፔት ምን ትበል? ጉንጯ ጋለ። ልጁም ከወዲያ ማዶ ጆሮው ቀላ። እትዬ ከአንዱ ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከቱ።

«አሃ» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። አልመረቁም፣ አልከለከሉም። ፒፔት ግን ከዚያ «አሃ» ውስጥ ጠዋት የሰማችው ሐዘን ወጥቶ መሄዱን ሰማች፤ በምትኩ የገባው ምን እንደሆነ ገና አልለየላትም። ስትወጣ ትከሻዋ ቀለላት።

ሥራ ሲያልቅ አብረው ወጡ። ያን ቀን ጠረጴዛ የሚጠርጉበት ጉዳይ አልነበራቸውም። ሰው እያየ ጎን ለጎን እስከ አውቶቡስ መጠበቂያው ተራመዱ። አባቷ ከኋላቸው ተሰልፎ ነበር፤ ልጁን አይቶ እንዳላየ፣ የመብራት ምሰሶውን እንደ አዲስ ነገር ይመረምር ጀመር።

«አራት ዓመት ነው» አለ ዝምተኛው።

«አውቃለሁ።»

«ጎበዝ እንዳልሆንኩም አየሽ።»

«አየሁ።»

«እና?»

ፒፔት እስከ ትናንት የወደደችው ሰው ሁሉን አንዴ ሰምቶ የሚይዝ፣ እሷን እኩል የሚያህል ብልህ ነበር፤ እሱን ጥሎ መሄድ ሊከብዳት ይችላል ብላ አስባ አታውቅም፤ ብልህ ሰው ራሱን ይችላል። ይኼኛው ግን አሴቶን ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። ሰው ሁሉ እየሳቀበት ድሏን መልሶ የሰጣት ይኼኛው ነው።

«እና ትጽፍልኛለህ» አለችው። «ረጅም ረጅሙን። እ የሚል ደብዳቤ ብትልክልኝ አልከፍተውም።»

«እጽፋለሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ባላውቅም።»

«ያላወቅከውን ጻፍልኝ።»

እጇን ዘርግታ እጁን ያዘች፤ በተሰለፈው ሰው ሁሉ ፊት፣ ምሰሶውን ገና መርምሮ ባልጨረሰው በአባቷም ፊት። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፣ ሰው ተሳፈረ፣ አባቷም ወደ ኋላ ሳይዞር ገብቶ ተቀመጠ። በሩ ሲዘጋ ሁለቱ እዚያው ነበሩ። መሄዷን ለአፍታም አልተጠራጠረችም። ይህን እጅ መልቀቅ እንዲህ ይከብደኛል ብላ ግን አስባ አታውቅም ነበር፤ ክብደቱ ሲመጣባት አልሸሸችውም፣ ጣቶቿን ይበልጥ አጠበቀች።